አፕ አትሥሩላቸው፤ ሒሳባቸውን አንብቡላቸው

በየዓመቱ አንድ ሃካቶን አይጠፋም። አዳራሹ ይደምቃል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ ፒዛ ይመጣል፣ እኛም ቅዳሜና እሑድን እንቅልፍ አጥተን የሆነ ነገር እንሠራለን። ከቡድኖቹ መካከል አንዱ ሁልጊዜ «ለማኅበረሰቡ» ነው፤ ወይ ለሕፃናት ማሳደጊያ የልገሳ አፕ፣ ወይ ለአረጋውያን መርጃ የበጎ ፈቃደኞች መመዝገቢያ። ዳኞቹ ያጨበጭባሉ፣ ፎቶው ሊንክድኢን ላይ ይወጣል። ከሦስት ወር በኋላ የሰርቨሩን ሒሳብ የሚከፍል ሰው ይጠፋና ሊንኩ ይሞታል። የማሳደጊያው ጸሐፊ የለጋሾችን ስም ድሮም በትልቁ መዝገብ ነበር የምትጽፈው፤ አሁንም እዚያው ላይ ትጽፋለች።

ይህን የምለው ሶፍትዌር ጠልቼ አይደለም፤ እንጀራዬ ነው። የምለው ሌላ ነው። እኛ ደህና ደሞዝ የምናገኝ፣ ቢሮ የምንውል፣ ኤክሴል ከፍተን ቁጥር ማንበብ የማይከብደን ወጣቶች ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ልንሰጥ የምንችለውን ትልቁን ነገር ትተን ትንሹን ይዘን እየሮጥን ነው። ትልቁ ነገር ቦርድ ውስጥ መቀመጥ ነው። መቀመጥ ስል ዝም ብሎ ወንበር ማሞቅ ማለቴ አይደለም። ወረቀቱን ቀድሞ አንብቦ፣ የማይመቸውን ጥያቄ ጠይቆ፣ ያልገባውን ነገር «አልፈርምም» ብሎ መቀመጥ ማለቴ ነው።

ቦርድ የሚለው ቃል ራሱ እንቅልፍ እንደሚያመጣ አውቃለሁ። ትዝ የሚላችሁ ሽበት፣ ከረቫት፣ የታሸገ ውሃና ብስኩት ነው። ችግሩም እሱ ነው። አሰልቺ ስለመሰለን ትተነዋል፤ እኛ ስለተውነው ደግሞ ወረቀቱን የሚያነብ ሰው ጠፍቷል።

ሕጉ በሩን ከፍቷል

ብዙዎቻችን የቦርድ አባል የክብር አማካሪ ይመስለናል። አይደለም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አንድ አገር በቀል ድርጅት ሊይዛቸው ከሚችላቸው ቅርጾች አንዱን «በቦርድ የሚመራ ድርጅት» ይለዋል። እዚህ ውስጥ የበላዩ አካል ቦርዱ ነው። አባላቱ ከአምስት አያንሱም፣ ከአሥራ ሦስት አይበልጡም። ሥራ አስኪያጁ የሚጠየቀው ለእነሱ ነው። ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ በላይ ለአስተዳደር ወጪ ማዋል አይችልም፤ ይህ ወሰን መጠበቁን ከማንም በፊት ማወቅ ያለበትም ቦርዱ ነው። ማለትም ድርጅቱ ገንዘቡን የት እንዳደረሰ ሲጠየቅ «እኔ እኮ አባል ብቻ ነኝ» የሚል መልስ የለም። ከአባሉ በላይ ሌላ ሰው የለማ!

ከዚህ በፊት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ነበር። ያኔ እኛ ገና ዩኒፎርም ለባሾች ነበርን። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት፣ በፆታ እኩልነት፣ በሕፃናትና በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ እንዳይሠራ የከለከለ ሕግ ነው። የአስተዳደር ወጪውንም 30 በመቶ ላይ ገድቦ፣ ሥልጠናውንም ትራንስፖርቱንም በአስተዳደር ወጪ እየቆጠረ ብዙ ድርጅት አስጨንቋል። አዲሱ አዋጅ የውጭ ገንዘብ ገደቡን አነሳ፤ የአስተዳደር ወጪ ምን እንደሆነም ትርጉሙን አጠበበ። ሁሉም ደስ አለው፤ ደስታውም ትክክል ነበር።

ግን አንድ ነገር ሳይነገር አለፈ። ከላይ የሚይዘው እጅ ሲላላ ከውስጥ የሚይዘው እጅ መጠንከር ነበረበት። ቦርዱ ስም ብቻ ከሆነ ቁጥጥሩም ስም ብቻ ነው። ነገ ሦስት አራት ድርጅቶች በተከታታይ ቢበላሹ «ድሮም ልቅ ተደርጎ ነው» የሚል ባለሥልጣን እንደማይጠፋ እናንተም እኔም እናውቃለን። ያን ቀን ስለ ነፃነት የምንለጥፈው ፖስት ብዙ አይረዳንም። የሚረዳን ንጹሕ ቃለ ጉባኤና የተነበበ የኦዲት ሪፖርት ነው።

ወንበሩ ላይ ማን አለ?

በአብዛኛው ሦስት ዓይነት ሰው ታገኛላችሁ።

አንደኛው ስሙ የሚጠራው ሰው ነው። ዶክተር፣ ፕሮፌሰር፣ አርቲስት፣ የባንክ ምክትል ፕሬዚዳንት። የተመረጠው ብሮሹሩ ላይ ፎቶው እንዲወጣ ነው። አምስት ቦርድ ውስጥ አባል ስለሆነ አንዱንም አያስታውስም። ሁለተኛው የመሥራቹ ሰው ነው፤ አብሮ አደግ፣ የንስሐ ልጅ፣ የአክስት ልጅ። ፍቅሩ እውነተኛ ነው፤ ግን መሥራቹን «ይህ ደረሰኝ የት አለ?» ብሎ ሊጠይቅ አይችልም፤ እሑድ ቤቱ ቡና ይጠጣላ! ሦስተኛው ለጋሹ «ሴት አባል ይኑር፣ ወጣት አባል ይኑር» ስላለ የገባ ነው። ሲገባ ተጨብጭቦለታል። ከዚያ ወዲህ እንዲናገር የሚጠብቅ የለም፤ እሱም አይናገርም።

የስብሰባውን ሁኔታ ልንገራችሁ። አርባ ገጽ ሪፖርት በዚያው ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ሥራ አስኪያጁ በፓወርፖይንት የሕፃናት ፎቶ ያሳያል፤ ሁሉም ልቡ ይነካል። «አስተያየት ያላችሁ?» ይባላል። አንድ አባት ተነስተው ይመርቃሉ። አንድ ሌላ ሰው «በጣም ደስ የሚል ሥራ ነው፣ በርቱ» ይላል። በጀቱ በሙሉ ድምፅ ይጸድቃል። ሻይ ይመጣል። አበል ካለ ይፈረማል።

በእኛ መንደር ይህ ስም አለው። አንድ ልጅ ዘጠኝ መቶ መስመር ኮድ ልኮ፣ ሌላው በአንድ ደቂቃ ውስጥ «አሪፍ ነው» ብሎ ሲያጸድቅለት ማለት ነው። ቢሮ ውስጥ እንዲህ የሚያደርገውን ሰው እንስቅበታለን። ሲስተሙ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲወድቅ ደግሞ ማን እንዳጸደቀው ስሙ እዚያው ተጽፎ ይገኛል። ቃለ ጉባኤ ላይ ያለው ፊርማም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ እዚህ ሲወድቅ የሚቆመው የባንክ አፕ ሳይሆን የአንድ ሕፃን ምሳ መሆኑ ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ተረቱ ሸክም ስለመካፈል ነው። እኛ ግን ሎሚዎቹን ሁሉ ለመሥራቹ አሸክመን ጌጡን ብቻ ተካፍለናል።

ይህ «የሐበሻ ነገር» አይደለም

እዚህ ጋ ሁሌ የሚመጣ መልስ አለ፤ «ፈረንጆቹ ጋ ሲስተም አለ፣ እኛ ጋ ግን...» የሚል። እንግዲያው ለንደን እንሂድ።

ኪድስ ካምፓኒ የሚባል፣ ችግር ላይ ያሉ ሕፃናትንና ወጣቶችን የሚረዳ ድርጅት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ካሚላ ባትማንጌሊጅ የመሠረተችው ነው። ፖለቲከኞች ያደንቁታል፣ ታዋቂ ሰዎች ይለግሱታል፣ መንግሥትም በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ፓውንድ ሰጥቶታል። እንግሊዞች የእንዲህ ዓይነት ድርጅት የቦርድ አባላትን «ትረስቲ» ይሏቸዋል፤ በእኛ ቋንቋ ባለአደራ። ከ2003 ጀምሮ የባለአደራዎቹ ሰብሳቢ አለን የንቶብ ነበር፤ የቢቢሲ ትልቅ ኃላፊ። በነሐሴ 2015 ድርጅቱ በድንገት ተዘጋ። ከመዘጋቱ ከቀናት በፊት ከመንግሥት 3 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀብሎ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ የንቶብ የቢቢሲ ኃላፊነቱን ለቀቀ።

ፍትሐዊ እንሁን፤ ይህ የሌብነት ታሪክ አይደለም። በ2021 የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ባለአደራዎቹን ከኩባንያ ዳይሬክተርነት ለማገድ የቀረበውን ክስ ውድቅ አድርጓል። በመዘጊያው ሰሞን የተነሳውና በኋላ መሠረተ ቢስ ሆኖ የተገኘው ውንጀላ ባይኖር ድርጅቱ ሊተርፍ ይችል እንደነበርም ተናግሯል። ነገር ግን በ2016 የፓርላማ ኮሚቴ ባለአደራዎቹን ክፉኛ ተችቷል፤ ተጠባባቂ ገንዘብ ሳይዙ ወጪው ዝም ብሎ እንዲያድግ ፈቅደዋል በሚል። በ2022 ደግሞ የበጎ አድራጎት ኮሚሽኑ ድርጅቱ ሠራተኞቹንና ግብር ሰብሳቢውን ጨምሮ መክፈል ያለበትን በወቅቱ ባለመክፈሉ የአስተዳደር ጉድለት ነበረበት ብሏል።

ከዚህ የምወስደው ነገር ቀላል ነው። ትልቅ ስም፣ ትልቅ የሥራ ልምድና ቅን ልብ አንድ ላይ ቦርድ ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ፤ ድርጅቱ ግን ሊዘጋ ይችላል። «ይህ ገንዘብ ቢቋረጥ ስንት ወር እንቆያለን?» የሚለው ጥያቄ በየስብሰባው መመለስ አለበት። ጥያቄውን ለመጠየቅ የቢቢሲ ኃላፊ መሆን አያስፈልግም። መደመርና መቀነስ ይበቃል።

የእኛ ጥያቄዎች

እኔ ከሁለት ዓመት ወዲህ የአንድ አነስተኛ ድርጅት ቦርድ አባል ነኝ። ስሙን አልጠቅስም፤ ለጽሑፌ ማስታወቂያ እንዲሆን አልፈልግም። ሥራው ለተማሪዎች ምሳ ማቅረብና እናቶቻቸውን በትንሽ ንግድ ማቋቋም ነው። ሳምንቱን ሙሉ የምውለው ፋይናንስ ነክ ሶፍትዌር የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ነው። እስካሁን ለቦርዱ አንድም መስመር ኮድ አልጻፍኩም። ያደረግኩት መጠየቅ ብቻ ነው።

ለምሳሌ፦ ሒሳባችን የት ነው የሚቀመጠው? መልሱ፦ ፒችትሪ ላይ። ፒችትሪው የት ነው? አንድ ኮምፒውተር ላይ። ባክአፕ? ፍላሽ ላይ። ፍላሹስ? የሒሳብ ሠራተኛዋ ቦርሳ ውስጥ። ልጅቷ ጎበዝና ታማኝ ናት፤ ግን የወሊድ ፈቃድ ልትወጣ ሁለት ወር ቀርቷት ነበር። በአንድ ሰው ላይ የተንጠለጠለ ሲስተም ምን እንደሚባል ለእናንተ አልነግራችሁም። ለማስተካከል አፕ አላስፈለገም። አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ፣ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ያዥ፣ ግማሽ ቀን የፈጀ ርክክብ ተደርጎ አለቀ።

ሌላ፦ ባንክ ላይ ስንት ሰው ነው የሚፈርመው? «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው ተረት እንደ ቼክ ፊርማ የሚስማማው ነገር የለም። ሁለተኛው ፈራሚ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ባዶ ቼክ ላይ ቀድሞ ፈርሞ የሚሄድ ከሆነ አንድ ፈራሚ ነው ያለው ማለት ነው።

ሌላ፦ ለአንድ ዓላማ የተሰጠን ገንዘብ ለሌላ አውለነዋል ወይ? ለደብተር የተሰጠ ብር የቢሮ ኪራይ ሲከፈልበት ማንም ሰው ሌባ አይደለም፤ «እንተካዋለን» ተብሎ ነው። ከዚያ አይተካም። ለጋሹ ሪፖርት ሲጠይቅ ደግሞ ደረሰኝ ፍለጋ መርካቶ መሯሯጥ ይጀመራል።

አሁን ደግሞ ከዚህ የሚከብዱትን ሁለቱን እንይ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ዶላር የሚቀበል ድርጅት በአንድ ጊዜ ብሩ በዛለት፤ በብር የሚሰበስብና መድኃኒት፣ ዘይት ወይም ነዳጅ የሚገዛ ደግሞ በጀቱ ዓይኑ እያየ ቀለጠ። በጀት በዓመት አንዴ ጸድቆ መሳቢያ የሚገባበት ድርጅት ይህን ያወቀው ምሳው ሲያልቅ ነው። ቁጥሩን በየሩብ ዓመቱ የሚያይ ቦርድ ግን ነሐሴ ላይ ተቀምጦ ማን ይቅደም፣ ምን ይቀነስ ብሎ መወሰን ይችል ነበር።

ሁለተኛው፦ በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ለ90 ቀናት አገድኩ አለ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ዩኤስኤይድ የሚባለው ተቋም የዕርዳታ ሥራውን ጨርሶ አቆመ። እዚህ አገር ስንት ሰው ከሥራ እንደወጣ በየቤታችሁ ታውቃላችሁ፤ ከእኔ የዩኒቨርሲቲ ጓደኞች መካከልም አሉ። የዋሽንግተንን ውሳኔ አንድ የአዲስ አበባ ቦርድ ሊያስቆመው አይችልም። ግን «ገቢያችን በሙሉ ከአንድ ለጋሽ ነው፤ ቢቆምስ?» ብሎ ሁለት ዓመት ቀድሞ መጠየቅ ይቻል ነበር። ለሠራተኞች የስንብት ክፍያ መጠባበቂያ መያዝ ይቻል ነበር። ሰርቨር ሲሆን ይህን ጥያቄ እንቅልፋችን ውስጥ ሆነን እንጠይቀዋለን። አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይኑር ብለን በሁለት ቦታ እናስቀምጣለን። ሰው ሲሆን ለምንድነው የማንጠይቀው?

«በጎ ሥራን በጥርጣሬ አታርክሱት»

ይህን ሲሉኝ ነው የምናደደው። መጠየቅ መጠርጠር ነው፣ ደረሰኝ ማለት ስድብ ነው የሚል ነገር አለን። በተለይ መሥራቹ ቤቱን ሸጦ፣ ዕድሜውን ሰጥቶ የጀመረው ከሆነ «አንተ ትናንት የመጣህ ልጅ እሱን ልትጠይቅ?» ይባላል።

እስቲ ወደ እድር እንሂድ። እድር ውስጥ ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ፣ ንብረት ያዥ አለ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይገባል። ሳህን ከጎደለ ይጠየቃል። ስብሰባ የቀረ ይቀጣል። ገንዘብ ያዡ ሒሳብ ሲያቀርብ «ሰደባችሁኝ» አይልም፤ እንዲያውም ሒሳቡን በአደባባይ ማስረከቡ ክብሩ ነው። እናቶቻችን ይህን የተማሩት ከለጋሽ ማንዋል አይደለም። ታዲያ ሰፈር ውስጥ ሳህን የምንቆጥር ሰዎች ሚሊዮን ብር የሚያንቀሳቅስ ድርጅት ውስጥ ስንገባ መቁጠር ነውር የሆነብን ለምንድነው?

ባለአደራ የሚለውን ቃል ደግሞ ቀለል አድርገን አንይዘው። በእኛ ባህል «አደራ በላ» ከመባል የከፋ ስድብ ጥቂት ነው። ብዙ ሰው አደራ በላ ማለት ገንዘቡን ወደ ኪሱ የከተተ ብቻ ይመስለዋል። እኔ ግን ጠብቅ ተብሎ ተሰጥቶት አንድም ቀን ዞር ብሎ ያላየውን ሰውም እዚያው መዝገብ ላይ እጽፈዋለሁ።

መሥራቾቹንም የሚጠቅመው ይህ ነው። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለግሸን ማርያም ጉዞ ወሎ ሄደው ረሃብ ካገኛቸው ሁለት ሕፃናትን ይዘው ተመለሱ፤ ሥራቸው የጀመረው እንደዚያ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ሲያርፉ አገር አለቀሰላቸው። እንዲህ ያለ ሰው በየዘመኑ አይገኝም፤ ሲገኝም ሟች ነው። ማንኛውም መሥራች ሲያርፍ ሕፃናቱ በማግስቱም ቁርስ ይፈልጋሉ። ቁርሱን የሚያቀርበው ሐዘን ሳይሆን በሕይወት እያለ የተሠራ አሠራር ነው፤ የተጻፈ ደንብ፣ የሚያውቅ ምክትል፣ የሚሰበሰብ ቦርድ።

«ጊዜ የለኝም»

እስቲ እንቁጠረው። በዓመት አራት መደበኛ ስብሰባ፣ እያንዳንዱ ሦስት ሰዓት። ለእያንዳንዱ አራት ሰዓት ንባብ። ድንገተኛ ስብሰባና የስልክ ጥሪ ሲጨመር፣ አንዴ ደግሞ ሥራው ያለበት ቦታ ሄዶ ማየት ሲጨመር፣ በዓመት አርባ ሃምሳ ሰዓት ነው። በወር አራት ሰዓት ገደማ። ስልካችሁ ላይ የስክሪን ታይም የሚለውን ክፈቱና የአንድ ሳምንቱን እዩት፤ ከዚያ ስለ ጊዜ እንነጋገራለን።

«ገና ወጣት ነኝ፣ ልምድ የለኝም» የሚለው ይሻላል፤ ቢያንስ ትሕትና አለበት። ግን ሥራ ላይ ስንሆን ሃያ ስድስት ዓመታችን ላይ የሰው ብር የሚያልፍበትን ሲስተም ኃላፊነት ሲሰጡን «ገና ነኝ» አላልንም። ሲኒየር የሚለውን ማዕረግ ራሳችን ነን የጠየቅነው።

የሚያስፈራው ነገር ሌላ ነው፤ እሱንም ልናገረው። እኛ ቴክ ላይ ያለን ልጆች ትዕቢት አለብን። ቦርድ ውስጥ በገባን በሁለተኛው ሳምንት ሁሉንም ነገር ወደ ጂራ እናስገባ እንላለን። የቦርድ አባል ሥራ አስኪያጅ አይደለም። ሠራተኛ አያዝም፣ የቀን ሥራ ውስጥ እጁን አያስገባም። አሥር ዓመት ሙሉ የታመሙ ሰዎችን ገላ ያጠበች ሠራተኛ እኛ ከዳሽቦርድ የማናገኘውን ነገር ታውቃለች። የእኛ ሥራ አቅጣጫውን መወሰን፣ ሥራ አስኪያጁን መምረጥና መገምገም፣ ገንዘቡን መጠበቅ ነው። ከዚያ ውጭ አፍን ዘግቶ መማር ነው። እንዲያውም አገልግሎቱን ከሚያገኙት እናቶች አንዷ ቦርዱ ውስጥ ብትኖር ከሦስት መሐንዲስ ትበልጣለች። ምሳው ጨው እንደሌለው የምትነግረን እሷ ናት።

ሌላም ወጥመድ አለ፤ የጥቅም ግጭት። ድርጅቱ ሶፍትዌር ሊገዛ ሲል የእናንተ መሥሪያ ቤት ተወዳዳሪ ከሆነ ቀድማችሁ ተናገሩ፣ ከክፍሉ ውጡ፣ መውጣታችሁም ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፍ። «በቅናሽ እንሥራላቸው» የሚለው ደግነት ብዙ ጊዜ የነገ ጭቅጭቅ ነው።

ለመሥሪያ ቤቶቻችን አንድ ቃል

ድርጅቶች «ማኅበራዊ ኃላፊነት» የሚሉትን ነገር በየዓመቱ ያከብራሉ። ሎጎ ያለበት ቲሸርት ይታተማል፣ መቶ ሠራተኛ በአውቶቡስ ይጫናል፣ ችግኝ ይተከላል ወይም የአንድ ማዕከል ግድግዳ ቀለም ይቀባል፣ ድሮን ይነሳል። ያ ግድግዳ ባለፈው ዓመት በሌላ ድርጅት ሠራተኞች ተቀብቶ ነበር።

ያው ድርጅት ግን አንድ ሠራተኛ «በሩብ ዓመት ግማሽ ቀን ለቦርድ ስብሰባ ልውጣ» ሲል ግራ ይጋባል። እኔ ፈቃድ ስጠይቅ የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ የሰው ኃይል ክፍል ያቀረበልኝ ቅጽ «ሌላ ተጨማሪ ሥራ ለያዙ ሠራተኞች» የሚል ነበር፤ ደሞዝ የሚለው ሳጥን ላይ ዜሮ ጻፍኩ። ዜሮ አይቀበልም አሉ። ከሳምንት ምልልስ በኋላ ከዓመት ፈቃዴ ተቀናሽ ሆነ። ለቲሸርቱ ቀን ግን ማንም ፈቃድ ሞልቶ አያውቅም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የአንዱን ዓመት የቲሸርትና የድሮን በጀት ተዉትና ቦርድ ውስጥ ለሚያገለግል ሠራተኛ በዓመት አራት ግማሽ ቀን ስጡ። ለራሳችሁም ይጠቅማችኋል። ሃያ ስምንት ዓመቱ ላይ በጀት አጽድቆ፣ ሥራ አስኪያጅ ገምግሞ፣ ከኦዲተር ጋር ተከራክሮ የሚመጣ ልጅ በየትኛው ሥልጠና ታገኛላችሁ?

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ትልልቆቹን ድርጅቶች ተዉአቸው፤ የሚለምናቸው ሰው አያጡም። በሰፈራችሁ ያለውን፣ አምስት ስድስት ሠራተኛ ያለውን ፈልጉ። ሄዳችሁ ሥራውን እዩ። ከዚያ ሦስት ወረቀት ጠይቁ፦ መተዳደሪያ ደንቡን፣ ያለፈውን ዓመት የኦዲት ሪፖርት፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ቃለ ጉባኤዎች። ካሳዩአችሁ ጥሩ ቤት ነው፤ ጉድለት ቢኖርበትም ይስተካከላል። «ምን ያደርግልሃል?» ካሏችሁ አመስግናችሁ ውጡ። «ስምህን ብቻ እንጠቀም» ካሏችሁ አትስጡ።

ከገባችሁ ደግሞ ለሁለት ዓመት ወይም ለሦስት ዓመት ግቡ፣ መጨረሻውንም ቀድማችሁ ተናገሩ። ሪፖርቱ ከስብሰባው ከአንድ ሳምንት በፊት እንዲላክ በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። አበል አትቀበሉ። በየስብሰባው ቢያንስ አንድ ቁጥር ላይ ጣታችሁን አስቀምጡና «ይህ ከየት መጣ?» በሉ። ስትወጡ የሚተካችሁን ልጅ ራሳችሁ አምጡ፤ ሴት ብትሆን ይመረጣል፣ የሒሳብ ሰው ብትሆን ደግሞ እሰየው።

ሃካቶኑም ይቀጥል፤ ፒዛውን አልጠላውም። ግን በሚቀጥለው ጊዜ ከመድረክ ላይ አንድ ልጅ «ለሕፃናት ማሳደጊያ የልገሳ አፕ ሠርተናል» ሲል፣ ከአዳራሹ አንዳችሁ እጃችሁን አውጡና ማሳደጊያው ባለፈው ዓመት ስንት ብር እንደሰበሰበ፣ ስንቱን ምን ላይ እንዳዋለ ጠይቁት። ካላወቀ አፑን ትቶ መጀመሪያ ያንን ያጣራ።